መቼ ነው የሚቆራረጠው?

ኮምፒውተር ላይ ሲጫወት ጌም የተቆራረጠበት ሰው ሲደውልልኝ ወሬው የሚጀምረው ከግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ከሚሠራው የማሽኑ ክፍል ነው። «ካርዱን ልቀይረው እንዴ?» ይለኛል። እኔ ግን ስለ ካርዱ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። መቼ ነው የሚቆራረጠው? ገና ሲከፈት ነው ወይስ ትንሽ ከቆየ በኋላ? መኪና ስትነዳ ነው ወይስ አንድ ቦታ ቆመህም? ብቻህን ስትጫወት ደህና ሆኖ ኦንላይን ስትገባ ነው የሚብሰው? መብራት ሲጠፋስ?

አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። «ዝም ብሎ ስታክ ያደርጋል» ነው የሚለው። አይፈረድበትም። ጌም መሀል ያለ ሰው ሰዓት አያይም። ግን የመፍትሔው ግማሽ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እሷን በመዝለል ነው።

ገንዘቡን ቀላል አድርጌ አላየውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ በሙሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። አንድ ተማሪ ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ፣ እናቱን ለምኖ፣ ዕቁብ ጠብቆ የገዛው ካርድ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ጌም የምንወድ ሰዎች ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየውን የፍሬም ቁጥር እናምናታለን። 60 ካለች ደህና ነው፣ 90 ካለች ደስታ ነው። ቁጥሯ የምትናገረው ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ምስል እንደተሠራ ብቻ ነው። ምስሎቹ እኩል ተራርቀው መምጣታቸውን አትናገርም። ዓይን የሚያየው ደግሞ እሱን ነው።

አንድ ሰከንድ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጌሙ በ60 ፍሬም ሲሄድ እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በ30 ከሆነ 33.3 ይሆናል። አሁን እንዲህ አስቡት። 85 ምስሎች እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊ ሰከንድ ተሠሩ፤ ድምሩ 850 ነው። ከዚያ አንዷ ምስል ብቻዋን 150 ሚሊ ሰከንድ ያዘች። ሰከንዱ ሞላ። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 86 ይላል። 86 ጥሩ ቁጥር ነው። እናንተ ግን በመሀል ስክሪኑ ቀጥ ሲል አይታችኋል፣ ተጋጣሚያችሁም ግብ አግብቶባችኋል።

አራት ኪሎ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሰዓት 12 ታክሲ ከመጣ አማካዩ በ5 ደቂቃ አንድ ነው። ግን 11ዱ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተከታትለው አልፈው፣ ቀጣዩ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ቢመጣስ? ሰልፍ ላይ ለቆመው ሰው አማካዩ ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ መስመሩን እዩ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሪቫቱነር ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር አብሮ ይጫናል። ካርዱ የየትኛውም ብራንድ ቢሆን ይሠራል። እዚያ ውስጥ «ፍሬም ታይም» የሚለውን በግራፍ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። መስመሩ ለጥ ያለ ከሆነ ጌሙ ለስላሳ ነው። በየመሀሉ ሽቅብ ከዘለለ መቆራረጡ ያ ነው። አጠገቡ የፕሮሰሰሩን (የማሽኑን አንጎል) ሙቀት፣ የካርዱን ሙቀት፣ የተያዘውን ራም (ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ሜሞሪ) እና የካርዱን ሜሞሪ ጨምሩ። ከዚያ የምትወዱትን ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። መስመሩ ሲዘል ከጎኑ የትኛው ቁጥር እንደተቀየረ እዩ።

የአክስቴ ልጅ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው የሚኖረው። ዴስክቶፑ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይጀምረዋል። አጥፍቶት ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ እንደገና ደህና ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው።

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያድናል። ለብዙዎቹ የቅርብ ዓመታት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በ4 ጊጋኸርዝ ይሮጥ የነበረው ወደ 2 ሊወርድ ይችላል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይወጣል፣ ሲግል ይወርዳል። ያ መውጣትና መውረድ ነው ስክሪኑ ላይ መቆራረጥ ሆኖ የሚታየው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነስ አለመቀነሱን በግልጽ ያሳያል። የልጁ ማሽን ላይ ከፈትነው። ይቀንሳል ይላል።

ኬዙን ስንከፍተው ምክንያቱ ፊት ለፊት ነበር። 2016 ዓ.ም. ላይ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር አካባቢው ምን ይመስል እንደነበር የኖረበት ያውቃል። መስኮት ተዘግቶም ጠረጴዛው ላይ ጣት ሲያልፍ መስመር ይሠራል። ኬዙ የተቀመጠው መሬት ላይ ነው፣ ምንጣፉ አጠገብ። በዚያ ላይ ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ነው። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ከአቧራው ጋር ሲቀላቀል በቀላሉ የማይለቅ ነገር ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት፣ የሄት ሲንኩ ክንፎች መሀል ድፍን ብሏል። ፋኑ ይጮኻል፣ አየር ግን አያልፍም።

አክስቴ አጠገባችን ቆማ ታየን ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ከኔ ቤት ነው የገባው?» አለችኝ፤ ቅር ብሏት። ቤቷ ንጹሕ ነው። ኮምፒውተር ማለት ቀኑን ሙሉ አየር ሲስብ የሚውል ዕቃ ስለሆነ ንጹሕ ቤትም ውስጥ ይሞላል።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው። በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ደግነቱ ከተማችን ቀዝቃዛ ናት። ክፍሉ 20 ወይም 22 ዲግሪ ሲሆን ጉድለቱን በጥሩ ሁኔታ ይክሰዋል። ግን ባሕር ጠለል አጠገብ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው ዩቲዩብ ላይ «ይሄ ማቀዝቀዣ ከ70 ዲግሪ አያሳልፈውም» ቢላችሁ፣ በዚያው የክፍል ሙቀት እኛ ጋ ከፍ እንደሚል ጠብቁ። ጀርባው ግድግዳ የነካ ኬዝ ወይም ብርድ ልብስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ እዚህ ከተማ ውስጥ የበለጠ ይጎዳል።

አቧራ ለማስወጣት ብዙ ሰው ጎሚስታ ቤት ይሄዳል። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ያወጣዋል፣ እውነት ነው። እኔ ግን አልመክረውም። የኮምፕሬሰር ታንክ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ አንዳንዴም ዘይት ይኖራል። ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያርፋል። ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። የግድ ከሆነ ፋኑ እንዳይዞር በእርሳስ ያዙት፣ ራቅ አድርጋችሁም ንፉ። እኛ በረንዳ ላይ አውጥተን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው የጠረግነው። ሄት ሲንኩን ስንፈታው በሥሩ ያለው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ሄት ሲንኩ የሚያሻግረው ቅባት፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርገን አዲስ ቀባንበት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ኬዙን ከመሬት አንስተን ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ከዚያ ወዲህ ጌም መሀል ሙቀቱ 70ዎቹ ውስጥ ነው።

ያ ሲስተካከል ግን ሌላ ነገር ብቅ አለ። ጌሙ ውስጥ በፍጥነት ሲነዳ፣ አዲስ ሰፈር በገባ ቁጥር መስመሩ ይዘላል። ቆሞ ከሆነ ምንም የለም። ሙቀቱም ዝቅ ያለ ነው። ጊዜው ሌላ ስለሆነ ምክንያቱም ሌላ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። አንዱን አስተካክሎ ሙሉ በሙሉ ሳይሻለው ሲቀር «ካርዱ ነው፣ አልኩህ» ይላል። ሁለት ችግር በአንድ ማሽን ላይ አብሮ ሊኖር ይችላል።

ሰፊ ከተማ ያላቸው ጌሞች ከተማውን በሙሉ በአንዴ አይጭኑም። እየነዳችሁ ስትሄዱ ከፊታችሁ ያለውን ሕንፃና መንገድ ከዲስክ ወደ ራም፣ ከራም ወደ ግራፊክስ ካርዱ ያመጣሉ። ከኋላችሁ የቀረውን ይጥላሉ። ከእነዚህ መተላለፊያዎች አንዱ ከጠበበ ጌሙ ቆሞ ይጠብቃል።

የልጁ ማሽን 8 ጊጋባይት ራም ነበረው፣ በአንድ ፍሬ። እዚህ የሚሸጡ ብዙ ላፕቶፖችና ያገለገሉ ዴስክቶፖች እንዲህ ናቸው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለዛሬዎቹ ትልልቅ ጌሞች 8 ጊጋ አይበቃም። ብሮውዘር ከጀርባ ከተከፈተ ደግሞ ጭራሽ። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲወዳደር እጅግ ቀርፋፋ ነው። ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ የተሠራው ከራም ጋር በሁለት መስመር እንዲገናኝ ነው። አንድ ፍሬ ብቻ ሲኖር አንዱ መስመር ሥራ ይፈታል። መረጃ የሚያልፍበት ስፋት በግማሽ ይቀንሳል። አማካዩ የፍሬም ቁጥር ብዙ ላይወርድ ይችላል። የሚጎዱት እነዚያ የዘገዩት ምስሎች ናቸው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ግራፊክሱም የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው።

ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መፍታት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ታስክ ማኔጀር ክፈቱ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትመርጡ ከስንት ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ይጽፍላችኋል። ሁለተኛ ፍሬ ስትገዙ ዓይነቱን፣ መጠኑንና ፍጥነቱን ከመጀመሪያው ጋር አመሳስሉ። ዲዲአር 3 የዲዲአር 4 ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። አራት ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ፍሬዎች የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። በተጨማሪም ፍጥነቱ 3200 ነው ተብሎ የተገዛ ዲዲአር 4 ራም፣ ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲበራ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለው እስኪበራ ድረስ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ለዚህኛው ምንም ወጪ የለውም።

ስታዲየም አካባቢ ካለ ሱቅ ተመሳሳይ ፍሬ ገዝተን ጨመርን። መዝለሉ በጣም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። የቀረው ጌሙ የተቀመጠበት ዲስክ ነበር፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በመሀል ስለ ጥገና ቤቶቻችን የምለው አለኝ። ልጁ ማሽኑን ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ወስዶት ነበር። ማንም ሳይከፍተው «ፎርማት ይደረግ» ተባለ። ተደረገ። የትምህርት ቤት ፋይሎቹ ጠፉ፣ መቆራረጡም እንዳለ ተመለሰ። ፎርማት የሚረዳበት ጊዜ አለ። ዊንዶውሱ በቫይረስ ከተሞላ፣ ድራይቨሮቹ (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባቡት ፕሮግራሞች) ከተዘበራረቁ፣ ሁለት ፀረ ቫይረስ አንድ ላይ ከተጫነ ይጠቅማል። የደረቀ ቴርማል ፔስት ግን አይቀይርም። ለሁሉም ሕመም አንድ መድኃኒት መስጠት ደንበኛውን አለማክበር ነው የሚመስለኝ።

ጥሩ ባለሙያ ሲገኝ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ፒያሳ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው አውቃለሁ። ማሽን ሲመጣላቸው ዊንዶ መፍቻ አያነሡም። «እስቲ አብራውና ቁጭ በል ልጄ፣ የምትጫወተውን ተጫወት» ይላሉ። ልጁ ይጫወታል። እሳቸው ፋኑን ይሰማሉ፣ እጃቸውን ከኋላ አየር የሚወጣበት ላይ ያደርጋሉ፣ ቁጥሮቹን ያያሉ። መቆራረጥ ሲጀምር «አሁን ምን እያደረግህ ነበር?» ብለው ይጠይቁታል። እንዲህ ለሚመረምር ሰው ለምርመራው ብቻ ብትከፍሉም አይቆጫችሁ። ከማያስፈልግ ካርድ ያድኑዋችኋል።

አሁን ወደ ዲስኩ። ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ 100 ጊጋባይት የሚሆን ጌም የሚያወርድ ሰው እኛ ጋ ጥቂት ነው። ሱቅ ተኪዶ በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይገለበጣል። ብዙዎች ከዚያው ከኤክስተርናሉ ላይ ይጫወታሉ፤ ልጁም እንደዚያ ነበር። ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚነበብበት ቦታ ድረስ የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። ብዙዎቹ ኤክስተርናሎች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ። ክንዱ ቦታው ደርሶ፣ ሳህኑም ዞሮ የሚፈለገው መረጃ ሥሩ እስኪመጣ 15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። አንድ ምስል በ60 ፍሬም የሚፈቀድለት 16.7 እንደሆነ አስታውሱ። አንዲት ትንሽ ቁራጭ ፍለጋ ብቻዋን የአንድ ምስልን ጊዜ ትበላለች፣ ጌሙ ደግሞ የሚፈልገው ብዙ ቁራጭ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ዲስክ ግን የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም፤ ያንኑ ሥራ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ይጨርሰዋል። ትንሽዬ ኤስኤስዲ ገዝቶ አሁን የሚጫወቱትን አንድ ጌም ብቻ እዚያ ላይ ማድረግ ይበቃል። ሌሎቹ ሀርድ ዲስኩ ላይ ይቆዩ።

የተገለበጠ ጌም ሌላም ጣጣ አለው። ጌሙ በወጣበት ቀን እንደነበረ ይቀራል። አዘጋጆቹ ከዚያ በኋላ መቆራረጡን ለማስተካከል ያወጡት ማሻሻያ አይደርሰውም። እናንተ ማሽናችሁን ስትወቅሱ ችግሩ በሌላው ዓለም ተፈቶ አልቆ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ዓይነት ጌሞች ጋር ተደብቀው የሚመጡ፣ በእናንተ ማሽን ለሌላ ሰው ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ምንም ሳትከፍቱ ፋኑ ከጮኸ፣ ካርዱም ሥራ ላይ ከሆነ ተጠራጠሩ። አንዳንዶቹ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ስለሚቆሙ በአፍተርበርነር ማየቱ ይሻላል።

መቆራረጡ አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብቻ ከሆነስ? የመጀመሪያው ፍንዳታ ላይ ቀጥ ይልና ሁለተኛው ላይ ምንም አይልም። ይህ ብዙ ጊዜ ከሼደር ጋር የተያያዘ ነው። ሼደር ብርሃን፣ ጭስና ውሃ እንዴት እንደሚሣሉ ለካርዱ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ ካርድና ድራይቨር ተብሎ መዘጋጀት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር በመጣው ዳይሬክትኤክስ 12 (ጌሞች ከካርዱ ጋር የሚነጋገሩበት ሥርዓት) ላይ፣ ይህን አስቀድሞ የማሰናዳቱ ኃላፊነት በአብዛኛው ወደ ጌም ሠሪዎቹ ተሻገረ። አንዳንዶቹ በደንብ አልሠሩትም። ፕሌይስቴሽን ላይ ዕቃው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ግን የካርድና የድራይቨር ዓይነት ብዛቱ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ውድ ካርድ ያለውም ሰው ይቆራረጥበታል። ጌሙ ሲከፈት ሼደር እያዘጋጀሁ ነው ካለ ታግሳችሁ አስጨርሱት። ድራይቨር ሲታደስ እንደ አዲስ እንደሚጀምርም እወቁ። «ኮምፒውተር አጽጂ» የሚባሉ ፕሮግራሞች የተዘጋጀውን ሼደር እየሰረዙ ስለሚያስቸግሩ ባትጠቀሙባቸው እመርጣለሁ።

ኦንላይን ብቻ ከሆነ የሚብሰው፣ የፍሬም ታይም መስመሩም ለጥ ብሎ ሳለ ተጫዋቾቹ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማሽናችሁ ሳይሆን የኢንተርኔቱ ነው። በፋይበር ውስጥ መረጃ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ ለመመለስ በትንሹ 50 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል። ገመዱም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሕር ስለሌለን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶቻችን በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው። ይህን ማንም ካርድ አያሳጥረውም። ጌሙ መካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ካለው እሱን ምረጡ። ቤት ውስጥ ደግሞ ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ተገናኙ። አፓርታማ ውስጥ የሁሉም ጎረቤት ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይጨናነቃል፤ እዚያ ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው።

ስለ መብራት አጭር ነገር። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ካርዱና ፕሮሰሰሩ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ጌም ቢቆራረጥ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚሆነው ቻርጀሩ ተሰክቶም ሲቀጥል ነው። ያኔ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት። 19.5 በ9.23 ሲባዛ 180 ዋት ነው። 19.5 በ4.62 ደግሞ 90 ዋት። ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። 180 ለሚፈልግ ላፕቶፕ 90 ከሰጡት ባትሪውን ይሞላዋል፣ ጌም ላይ ግን ራሱን ይገድባል።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ችግሩ ካርዱ ከሆነ፣ ያኔ ግዙ። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ሲያበቃ መስመሩ የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ ጌሙ ሰቲንግ ውስጥ ቴክስቸር የሚለውን (የነገሮችን ገጽ የምስል ጥራት) ዝቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ካልበቃ ነው ሌላ ካርድ። ያገለገለ ስትገዙ ስሙን ብቻ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት አለ፤ ልዩነታቸው በሜሞሪው ብቻ አይደለም፣ የባለ 3ቱ ኮሮችም (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ያነሱ ናቸው። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ኢቴሪየም የሚባለውን ክሪፕቶ በካርድ መቆፈር ሲቀር፣ ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ዓለም ገበያ ላይ ወጥተዋል። ፋናቸውንና ቴርማል ፔስታቸውን ማየት ግድ ነው። ስማቸው ተቀይሮ እንደ አዲስ ሞዴል የሚሸጡ የድሮ ካርዶችም አሉ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙዎቹን አስመሳዮች ይለያቸዋል። ሻጩ ማብራት አይቻልም ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

የአክስቴ ልጅ ካርድ አልገዛም። ለካርዱ ካጠራቀመው ኤስኤስዲ ገዛና በቀረው ያገለገለ ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ፈለገ። ሞኒተሩን የሰካነው ካርዱ ላይ ነው፤ ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩ ብዙ ናቸው፣ ያኔ ካርዱ ሥራ ፈቶ ሊቀመጥ ይችላል። ዊንዶውስ ሞኒተሩን በ60 ነበር የያዘው። ሰቲንግ ውስጥ ገብተን 144 አደረግነው። ማሽኑ ግን 144 ፍሬም አያወጣም። ከ80 እስከ 110 ይዋዥቃል፣ መዋዠቁም ዓይን ላይ ይታያል። ሪቫቱነር ውስጥ ከ72 እንዳያልፍ ገደብ አደረግሁበት። 72 የ144 ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ ሁለት ዙር እኩል ይቆያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ቁጥሩ ቀነሰ እኮ!» አለኝ።

«ተጫወትና እየው» አልኩት። እስካሁን በ72 ነው የሚጫወተው።